በማን ገላ ይማሩ?

ዐረቦች አንድ መራራ ተረት አላቸው። ጀማሪ ዋግምት አጋሚ ሙያውን የሚማረው በየቲሞች ራስ ላይ ነው ይላሉ። አባት ያለውን ልጅ ለጀማሪ የሚሰጥ የለም፤ ምላጩ ቢስት ጠያቂ አለዋ! ይህን ተረት ባስታወስኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን ይሄዳል።

ቀዶ ሐኪም በመጽሐፍ ብቻ አይሠራም። ወጣቱ ሬዚደንት በወንበር እግር ላይ ክር ሲቋጥርና ሲፈታ ቢያድር፣ ከአስከሬን ክፍል ባይጠፋ፣ አንድ ቀን ግን የግድ የሕያው ሰው ሆድ ላይ ምላጩን ያሳርፋል። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት፣ ሠልጣኙን እዚያው ሆስፒታል እያኖሩ ኃላፊነቱን ደረጃ በደረጃ የመጨመር ዘዴ፣ ዊልያም ሀልስቴድ የተባለው ሐኪም በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የጀመረው ነው። ሆስፒታሉ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1889 ነበር። ገንዘቡን የተናዘዘው ባለጸጋም የከተማዋ ድኾች በነጻ እንዲታከሙበት አዝዞ ነበር። እንግዲህ ዘዴውና ድኻው ገና ከመነሻው አብረው ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአላባማ፣ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም በምጥ ተጎድተው ሽንት መቋጠር ያቃታቸውን ሴቶች ለመጠገን ይሞክር ነበር። የሞከረው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነው፤ ያለ ማደንዘዣ! የሦስቱ ስም ተመዝግቦ ቆይቶልናል፤ አናርካ፣ ቤትሲ፣ ሉሲ። አናርካ ብቻዋን ወደ 30 ጊዜ ያህል በቢላዋው ሥር ተኝታለች። ሙያው ተገኘ፤ ሐኪሙም ኒውዮርክ ውስጥ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ከቦታው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

የእኛ ሬዚደንቶች ሲምስ አይደሉም፤ አንድ ላይ መደመር ግፍ ይሆናል። ጥያቄው ግን የዚያው ቤት ልጅ ነው።

እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ሆስፒታል ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ሐኪሙ እጀ ፈጣን፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ዶክተር፣ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተኸዋል?» ብዬ ብጠይቀው «ቆጥሬ አላውቅም» ብሎ ሣቀ። ልቤ ዐረፈ። ስወጣ የተሰጠኝን ደረሰኝ አገላብጬ አየሁት። አልጋው አለ፤ መድኃኒቱ አለ፤ ፋሻና ጓንቱ ሳይቀር አለ። እጁ ገና ሲንቀጠቀጥ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሃያና ሠላሳ ሰዎች ግን አልተጻፉም። እነሱ በሬ ሸጠው፣ የሪፈር ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ከየገጠሩ የመጡ ናቸው። እኔ የከፈልኩት በገንዘብ ነው፤ እነሱ ቀድመውኝ በገላቸው ከፍለውልኛል።

«ታዲያ ማንም የመጀመሪያ ካልሆነ ሐኪም ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ አስተማማኝና አቅምን የማይጎዳ ቀዶ ሕክምና የማያገኝ ሕዝብ 5 ቢሊዮን ይሆናል ብሏል። ለ100,000 ሕዝብም የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማኅፀን ስፔሻሊስቶች ተደምረው ቢያንስ 20 ያስፈልጋሉ ሲል ግብ አስቀምጧል። እኛ ከዚህ እጅግ ርቀን ነው ያለነው። ሬዚደንቱ ዛሬ ካልተማረ ነገ በወረዳው የሚሞተው ያው ድኻው ነው። ደግሞም መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ሲያየው፣ ሥራው ጊዜ ይፈጃል እንጂ ታማሚው የግድ ይጎዳል ማለት አይደለም። ስለዚህ መማሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መምህሩ ለማታው ክሊኒክ ቸኩሎ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። እናቲቱ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። ምላጩን የሚይዘው ማን እንደሆነ የሚነግራት ግን የለም። «ከተነገራት እምቢ ትላለች» ይሉኛል። እምቢ እንዳትል ተብሎ የተደበቀ ነገር ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግብር ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ማን ያውቃል? ወጣት ሐኪም ባየ ቁጥር «ልጄ» የሚል ሕዝብ ነው ያለን። «መምህሬ እዚህ ናቸው፤ እኔ ግን ተማሪ ነኝ» ቢላት፣ «ይሁን ልጄ፣ እጅህን ይባርከው» ብላ ትተኛ ይሆናል። ዕድሉን አልሰጠናትም እንጂ።

ሠልጣኙ ሲጨርስስ? ይህን ያህል ዓመት አገልግል፣ አለዚያ ይህን ያህል ብር ክፈል የሚል ግዴታ ፈርሟል። ዓመቱን ይጨርሳል ወይም ብሩን ይከፍላል፤ መልቀቂያውን ተቀብሎ ወደ ግል ሆስፒታል ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። አልፈርድበትም። ስፔሻሊስት ተብሎ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀውን ሰው «ስለ አገርህ ጹም» ማለት ጹመው ለማያውቁ ሰዎች ቀላል ነው። ነገር ግን የተዘጋው ሒሳብ የመንግሥት ነው። መልቀቂያውን የፈረመው መዝገብ ቤት የሴትዮዋን ስም አያውቀውም።

ይህ ዕዳ የወጣቱ ብቻ አይመስለኝም። ሠልጥኖ ያለቀውን እጅ በገንዘቤ የገዛሁት እኔም አለሁበት። የግል ሆስፒታሎች ከሚያገኙት ለማስተማሪያው ኦፕራሲዮን ክፍል ቢያካፍሉ ምን ይላል? ከዚያም አልፎ፣ ከፋዩ ታማሚ በመምህር ፊት በተማሪ ቢሠራስ? ራሴን ጠየቅሁ። መምህሩ አጠገቡ ካለ፣ አስቀድሞም ከተነገረኝ፣ እሺ የምል ይመስለኛል። የልጄ ሆድ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።

የአናርካ ሕመም በአገራችንም ብዙ ሴቶችን አሠቃይቷል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ሕመም ተጎድተው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወጣት ሳሉ ወደ ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የመጡ ታማሚ ነበሩ። ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ መሣሪያ ማቀበል ቀጠሉ፤ እያዩ፣ እየረዱ ቆይተው ራሳቸው ቀዶ ጠጋኝ ሆኑ። ዲግሪ ያላቸው ሐኪሞች፣ ከውጭ አገር የመጡት ሳይቀሩ፣ ያንን ስፌት ከእርሳቸው እጅ ተምረዋል።