ጥላቻን የማይባርክ መስቀል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ላሉ ጠቢባን ሲያስተምር፥ የሰው ወገን ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንደ ተገኘ፥ ለየሕዝቡም ዘመኑንና ዳርቻውን የወሰነለት እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስረድቷል (የሐዋ. ሥራ 17፥26)። ሰው ሁሉ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ ሰውን በመልኩ ወይም በዘሩ የሚንቅ የሠራውን ፈጣሪ ይንቃል።

በዚህ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የቀኝ ጽንፈኞች የሚባሉ ወገኖች ኃይላቸው እየበረታ ሄዷል። አገርን መውደድና የአባቶችን ሥርዓት ማክበር የተመሰገነ ነገር ነው። የእነዚህ ወገኖች ስሕተት ግን ደምን እንደ ጣዖት አቁመው፥ ከዚያ ደም ያልተወለደውን ሰው እንደ ጠላት መቍጠራቸው ነው። ይህም ጣዖት እንደ ሌሎቹ ጣዖታት ሁሉ ካህን ይፈልጋል፤ የሚያጥንለትና የሚባርከው ካላገኘ ብዙ ጊዜ አይቆምምና።

ለዚህ ነገር ከገዛ ታሪካችን ምስክር እናምጣ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በጥቅምት ወር የሚላኖ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራሉ ቆመው፥ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ሠራዊት ለሃይማኖትና ለሮማ ሥልጣኔ በር የሚከፍት ነው ብለው አመሰገኑት። ኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ ክርስትናን ከተቀበለች 16 መቶ ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ቆሙ። አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፥ ሕዝቡም ለጠላት እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ተጠየቁ፤ እምቢ ብለው በጥይት ተደበደቡ። ሁለቱም ጳጳሳት መስቀል በእጃቸው ነበረ፤ አንደኛው መስቀል የትዕቢትን ሠራዊት ባረከ፥ ሁለተኛው ግን አልባርክም አለ።

ካልተባረከላቸው በኋላ ምን አደረጉ? በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ኢጣልያዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ሕግ አወጡ። በግንቦት ወር ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ምክንያት አድርገው የደብረ ሊባኖስን መነኰሳት፥ ዲያቆናትና ምእመናን ሰብስበው ፈጁ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ያስታወቀው ቍጥር 449 ሲሆን፥ በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ከአንድ ሺሕ እጅግ እንደሚበልጥ ገልጠዋል። ይህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ የፋሽስት ርዝራዦች ላቋቋሙት ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ያልተነሡበት ኃጢአት ከባለቤቱ ሞት በኋላም ልጆች እንደሚወልድ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ በኢጣልያ ሕዝብ ሁሉ አንፍረድ። ጃኮሞ ማቴዎቲ የተባለውን የሕዝብ እንደራሴ በ1916 ዓ.ም. የገደሉት እነዚያው ፋሽስቶች ናቸው። ሕዝብን በጅምላ የሚጠላ ሰው፥ የተዋጋውን ጣዖት ራሱ አቁሞታል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በስደት ያሉ ልጆቻችንንም ነክቷል። በኅዳር 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ሞተ፤ ከመልኩ በቀር የጠሉበት ምክንያት አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ፍርድ ቤቱ፥ በእጃቸው ሳይመቱ በትምህርታቸው ያነሣሡትን መሪዎች ጭምር በዕዳ ያዛቸው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዚላንድ በክራይስትቸርች ከተማ 51 ሙስሊሞች ለጸሎት በተሰበሰቡበት ተገደሉ። በጸሎት ላይ ያለን ሰው የሚገድል እጅ፥ በደብረ ሊባኖስ ያየነው እጅ ነውና ለእነርሱም ማዘን ይገባናል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ቦሌ ቡልቡላ የእርሻ መሬት የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በአንድ አጥር፥ በአንድ ደረጃ የሚኖርበት ሰፈር ሆኗል። ከአጠገቡ ባለው አውሮፕላን ማረፊያም ልጆቻችን ወደ ባዕድ አገር ይሄዳሉ። እናት ልጄን በመልኩ አይናቁብኝ ብላ ትጸልያለች፤ ጸሎቷም ቅን ነው። ነገር ግን ያች እናት በደረጃው ላይ የምታገኛትን ጎረቤቷን በቋንቋዋ ምክንያት ሰላምታ ከነሣቻት፥ ጸሎቷን ማን ይሰማላታል? በምንሰፍርበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርብን ጌታ ነግሮናል። በአገራችንም ሰው በቋንቋውና በትውልድ ቦታው የተገደለበትን፥ ከቤቱም የተፈናቀለበትን ዘመን አይተናል፤ ስለዚህ ነገሩን የነጮች ደዌ ብቻ ነው ብለን ልንሸነግል አንችልም።

እናንተ ካህናት ሆይ፤ ሕፃኑን በ40፥ ሕፃኒቱን በ80 ቀን ስታጠምቁ ነገዳቸውን አትጠይቁም። በፍትሐትም የምትጠሩት የክርስትና ስሙን ነው። ጽዋውም አንድ ነው። ታዲያ ሥርዓታችሁ የማያውቀውን ልዩነት ስብከታችሁ እንዴት ያውቀዋል? ወገኔ ነውና ቂሙን ባርክልኝ የሚል ሰው ሲመጣ፥ አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። የንስሓ ልጃችሁንም ስለ ዝሙትና ስለ ስርቆት እንደምትጠይቁት፥ ሰውን በዘሩ ንቀህ ታውቃለህን ብላችሁ ጠይቁት።

እናንተም ምእመናን፤ ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ በማኅበርና በእድር የሚነገር የንቀት ስም፥ በስልክም የሚተላለፍ የጥላቻ ቃል እናንተ ዘንድ ሲደርስ ይቁም። ጎረቤታችሁ ሲያዝን ቀድማችሁ ድረሱ፤ በወንበዴዎች ለተደበደበው ሰው ወገን የሆነው የራራለት ሳምራዊ ነውና።

ሰውን ሁሉ በአንድ ደሙ የዋጀ አምላክ፥ የሰማዕታቱን አደራ የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።