ቀልብ ይሸጣልን?

በአማርኛ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ገዢው ዘወትር የሚገዛበትን ነጋዴ «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ነጋዴውም በተራው ገዢውን «ደንበኛዬ» ብሎ ይጠራዋል። አንዱ ወገን ብቻውን የማይዘው፣ ሁለቱም እኩል የሚጠሩበት ስም መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ቃሉ እንደሚያመለክተው ገበያ ዕቃ በገንዘብ የሚለወጥበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከሰው ጋር የሚተያይበት፣ የሚተዋወቅበትና የሚተማመንበት አደባባይ ነው። ዛሬ ከዚህ አደባባይ ከፊሉ ከመርካቶና ከጉልት ወጥቶ በእጅ ስልክ መስተዋት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህም የሚነሣው ጥያቄ የንግድ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብም ጥያቄ ነው። አንደኛው ወገን ሌላውን እያየ፣ ሌላው ግን የሚያየውን ሳያይ በሚገበያዩበት ስፍራ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ይዞ ሊኖር ይችላልን?

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሰውን ማግባባት በራሱ ነውር አይደለም። መምህር ተማሪውን፣ ሐኪም በሽተኛውን፣ ሽማግሌ የተጣሉትን ያግባባል። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ማንነቱ ይታወቃል፤ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚሰጥ አይሰውርም። ያረጀ ልብስ ያላት የቤት እመቤት ብትሻ ትጠራዋለች፤ ባትሻ ድምፁ እንደ መጣ ያልፋል። እርሱ ደጅ ላይ ይቆማል እንጂ ጓዳ አይገባም። እመቤቲቱ ትናንት ከጎረቤቷ ጋር ምን እንደ ተጨዋወተች፣ የትኛው ልጇ እንደ ታመመ፣ ገንዘብ የሚያጥራት በየትኛው ሳምንት እንደሆነ አያውቅም። የማግባባቱ ንጽሕና የተጠበቀው በነጋዴው ደግነት ብቻ ሳይሆን በዚህ ገደብ ጭምር ነው።

ገደቡ የፈረሰው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1833 ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ በኒው ዮርክ ከተማ «ዘ ሰን» የተሰኘ ጋዜጣ አቋቁሞ፣ ሌሎቹ ጋዜጦች በስድስት ሳንቲም ሲሸጡ የራሱን በአንድ ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ትርፉን በዋነኛነት የሚጠብቀው ከአንባቢው ሳንቲም ሳይሆን ከማስታወቂያ አስነጋሪዎች ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ አንባቢው ጋዜጣ ገዢ ብቻ መሆኑ ቀረና ቀልቡ ለሦስተኛ ወገን የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1971 መረጃ የሚበላው የሰውን ትኩረት እንደሆነ፣ ስለዚህም መረጃ በበዛ ቍጥር ትኩረት እንደሚያንስ አስገነዘበ። ያነሰ ነገር ደግሞ ዋጋው ይንራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያዎቹ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በኢንተርኔት ገጽ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2000 ጉግል ሰዎች ከሚፈልጓቸው ቃላት ጋር የተያያዘ የማስታወቂያ ሽያጩን ጀመረ።

ዛሬ አንድ ሰው አንድን ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ቀልቡ ለጨረታ ይቀርባል። ያለበት ከተማ፣ የያዘው የስልክ ዓይነት፣ ቀደም ሲል የተመለከታቸው ነገሮች ለተጫራቾች ይነገራሉ፤ ኮምፒዩተሮች ዋጋ ይሰጣሉ፤ ያሸነፈው ማስታወቂያውን ያሳያል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ከጨረታው የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቀልቡ የሚሸጠው ሰው።

ይህን ገበያ የሚያንቀሳቅሰውን ባለሙያ ክፉ ሰው ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። ባለሙያው ጠዋት ቢሮው ገብቶ የሚያየው ሰውን ሳይሆን ቍጥርን ነው። ከሺህ ተመልካች ስንቱ ማስታወቂያውን ነካ? ስንቱ ጀምሮ ተወ? ቀዩ ይሻላል ወይስ ሰማያዊው? ጉግል ብዙ ሰው የሚነካውን ቀለም ለማግኘት 41 የሰማያዊ ዓይነቶችን እንደ ፈተነ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተሰማ ወዲህ፣ ነገሩ በሙያው ውስጥ ዘወትር ይጠቀሳል። እያንዳንዱ ፈተና ብቻውን ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ቀለም መምረጥ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን እልፍ ንጹሕ ፈተናዎች ሲደመሩ፣ የሰው ልጅ ፈቃድ የት ላይ እንደሚላላ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሣሪያ ይወለዳል።

ከሙያው ሰዎች መካከል ይህን በራሳቸው ሥራ ላይ ያዩ አሉ። ኤታን ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ትራይፖድ» በተባለ ድርጅት ሲሠራ፣ በሚነበበው ገጽ ላይ ድንገት ብቅ የሚል የማስታወቂያ መስኮት የሚያስከፍተውን ፕሮግራም ጻፈ። መነሻው ጊዜያዊ ችግር ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ከነውረኛ ገጽ ጋር ተያይዞ በመታየቱ ስለ ተቈጣ፣ ማስታወቂያውን ከገጹ ነጥሎ ማውጣት እንደ መፍትሔ ታየ። መፍትሔው ተስፋፍቶ የዓለም ሕዝብ መማረሪያ ሆነ፤ ዙከርማንም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አዛ ራስኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የሌለውን፣ ጣት ባንሸራተተ ቍጥር የሚቀጥለውን ገጽ ነደፈ። ቀድሞ የገጽ መጨረሻ ላይ ሲደረስ፣ አንባቢው «ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ቅጽበት ነበረው፤ ያ ቅጽበት ጠፋ። ራስኪንም በኋላ በሥራው መጸጸቱን ተናግሯል።

ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በደል ክፉ አሳብ ሳይኖርም ሊፈጸም ይችላል። በዚህ ሙያ ውስጥ በደል የሚገባው በመለኪያው በኩል ነው። ሲለካ የኖረው ሰው በገጹ ላይ የቈየበት ጊዜ እንጂ ከቈይታው ያተረፈው ነገር አልነበረም። የማይለካ ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ ከነጭራሹ ይረሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ የቀድሞውስ ገበያ መቼ ንጹሕ ነበር የሚል ነው። ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ሲደባለቅ፣ ሚዛን ሲጎድል ታይቷልና። ማታለል ከኢንተርኔት ጋር አልተወለደም። ሆኖም በጉልት ገበያ ማታለያውም መከላከያውም ፊት ለፊት ነው። ገዢዋ ቅቤውን አሽትታ፣ በጣቷ ነክታ ትመረምራለች፤ ብትታለል በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ ነጋዴውን በሰው ፊት ትወቅሰዋለች፤ በአጠገቧ የቆሙትም ሰምተው ይጠነቀቃሉ። በስልክ ውስጥ ያለው ማስታወቂያ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው እየተመረጠ ይቀርባል። አንዱ ያየውን ጎረቤቱ ስላላየው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ አይችልም። በአዲስ አበባ የኢንተርኔት ነጋዴዎች ዘንድ የተለመደው «ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው አነጋገር የዚህ ታናሽ ምልክት ነው። በአደባባይ ይጠራ የነበረ ዋጋ በጆሮ የሚንሾካሾኩት ምሥጢር ሆኗል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ አዲሱ ገበያ ለታናናሾች መንገድ ከፍቷል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። በጋዜጣ ወይም በቴሌቪዥን ለማስነገር አቅም ያልነበረው የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴ፣ ዛሬ ቀሚሱን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በዋሽንግተን ለምትኖር ሙሽራ ያሳያል። ሙሽራይቱ ጥለቱን ታስለውጣለች፤ ልኳን ትልካለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ ቀሚሱ ሲደርሳት ለብሳው የተነሣችውን ፎቶግራፍ ትልክለታለች፤ ለእኅቷ ሠርግም ተመልሳ ወደ እርሱ ትመጣለች። በመካከላቸው ውቅያኖስ ቢኖርም ሁለቱ ደንበኞች ናቸው። እንግዲህ ይህ ምሳሌ ጥፋቱ የመሣሪያው እንዳልሆነ ያሳያል። ርቀት ሰውን ከሰው አልለየም፤ የሚለየው አንዱ ሌላውን በምሥጢር ማጥናቱ ነው።

የነገሩ ክብደት በይበልጥ የሚታየው የሙያው መለኪያ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ሲገባ ነው። ባለሙያው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቡና ተፈልቶ በአቦልና በቶና መካከል ወዳጁ ሲያጫውተው፣ ልቡ «ይህ ወግ ስንት ሰው ይስባል?» ይላል። ልጁ «አባዬ፣ እየኝ!» ስትለው ያያታል፤ የሚያያት ግን በስልኩ መስተዋት በኩል ነው። ይህ አመል ደግሞ በባለሙያው ብቻ አልቀረም። ሠርግ ከመሠረጉ፣ ማዕድ ከመቈረሱ በፊት ለተመልካች ይቀርባል፤ በልቅሶ ቤት እንኳ ሐዘኑ የሚገለጠው ለሐዘንተኛው ይሁን ለተመልካቹ የሚያጠያይቅበት ጊዜ አለ። ሁሉም የራሱ ሕይወት ማስታወቂያ አስነጋሪ ሲሆን፣ ወዳጅነት ቀስ በቀስ በነኩ ሰዎች ብዛት ይመዘናል።

ቀልብ ከገንዘብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጠፋ ገንዘብ ተሠርቶ ሊተካ ይችላል፤ ለአንድ ነገር የተሰጠ ሰዓት ግን ከዕድሜ ላይ የተቈረሰ ስለሆነ ተመልሶ አይገኝም። ፍቅር፣ ትምህርትና ኪነ ጥበብ የሚሠሩት ከዚሁ ከቀልብ ነው። እናት ለልጇ፣ ተማሪ ለመጽሐፉ፣ ሠዓሊ ለሸራው የሚሰጠው ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ የሰውን ቀልብ መጠየቅ ይቻላል፤ በመልካም ሥራ ማግኘትም ያስከብራል። ሳይታወቀው መንጠቅ ግን፣ ዋጋው ኢምንት መስሎ ቢታይም፣ ከሕይወቱ ላይ መንጠቅ ነው።

ታዲያ ባለሙያው ሐቀኛውን ማግባባት ከስውሩ ነጠቃ በምን ይለያል? ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሳን፣ የሌሎችን መብት የሚነካ ድርጊት መነሻ አሳቡ በይፋ ሲነገር የሚከሽፍ ከሆነ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አስረድቷል። ይህ መለኪያ የተነገረው ለመንግሥታት ቢሆንም ለገበያም ይሠራል። ልዋጩ «ያረጀ ልብስሽን የምፈልገው ሸጬ ላተርፍበት ነው» ቢል ገበያው አይበላሽበትም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። በአንጻሩ አንድ ማስታወቂያ «ይህን የማሳይህ ማታ ማታ ብቸኝነት እንደሚሰማህ፣ ያን ጊዜም ሳታስብ እንደምትገዛ ስላጠናሁ ነው» ብሎ ቢጀምር ማን ይገዛል? የአሠራሩን እውነት ለገዢው ፊት ለፊት መንገር የሚያሳፍር ከሆነ፣ ኀፍረቱ ራሱ ፍርድ ሰጥቷል።

ሕግ በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በኢትዮጵያም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠይቀው ፈቃድ፣ ማንም የማያነበው ረጅም ጽሑፍ ግርጌ «እስማማለሁ» የሚል ምልክት መንካት ሆኖ ሊቀር ይችላል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ብሂል የሚወቅሰው በሬውን ነው። ሣሩ ሆን ተብሎ በገደሉ አፋፍ ላይ በተዘራ ጊዜ ግን ወቀሳው ወደ ዘሪው መዞር ይኖርበታል።

መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ ተዋናዩም የሰውን ቀልብ ጠያቂዎች ናቸውና ጉዳዩ የነጋዴ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ተመልካችን በተንኮል ማቈየትና ለተመልካች የሚያተርፍ ነገር መስጠት በመድረክም በመማሪያ ክፍልም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጋረጃው ሲዘጋ ተመልካቹ ቀልቡን ይዞ፣ ምናልባትም ካመጣው የበለጠ ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባዋል። የማስታወቂያ ባለሙያውም ሥራውን በዚሁ ሚዛን ቢመዝን፣ ከቍጥሮቹ በስተጀርባ ያለውን ሰው እንደገና ያገኘዋል። አማርኛ የሚዋልለውን ሰው ሲመክር «ልብ ግዛ» ይለዋል፤ «ልብህን ሽጥ» ሲል ግን ተሰምቶ አይታወቅም።