ለወንድሜ ልጅ፣ ስለ አፎት

ልጄ፣ ከሮቤ የላክህልኝ አፎት ደርሶኛል። ሳየው ደስ አለኝ፤ እጅህ እየተፍታታ ነው። ዛጎሉ ተስተካክሎ ተሰድሯል፣ ቀዩ ቀለምም አምሮበታል። ካራዬን ከትቼ ስመዘው ግን በስፌቱ በኩል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ገልብጬ ብመለከት ስለቱ ሁለት ቦታ ላይ ክሩን በልቶታል። ስለዚህ ጎሮ እስክትመጣ ከምጠብቅ አሁኑኑ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የጎደለው ከላይ የማይታየው ነው። ስለቱ በሚያርፍበት ወገን፣ በሁለቱ ቆዳ መሀል፣ የትንሿን ጣት ስፋት የሚያህል ወፍራም ጠፍር ይገባል። እጀታው አጠገብ ወፈር፣ ወደ ጫፉ ሲወርድ ሳሳ ብሎ ይፋቃል። ስፌቱ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ያልፋል። ያኔ ካራው ሲገባና ሲወጣ የሚነካው ጠፍሩን ነው፤ ክሩ ከኋላ ተጠልሎ ይቀመጣል።

ይህን በቀላሉ አልተማርኩትም። በወጣትነቴ ለአባትህ አፎት ሠራሁለት። አጊጦ እንዲታይበት ብዬ ጌጡ ላይ ብዙ ቀን ፈጀሁ፣ ስፌቱን ግን በአንድ ማታ ጨረስኩት፤ መሀሉ ላይ ምንም አላስገባሁም። ወደ ሶፍ ዑመር ስንወርድ ፈረሱ ተደናቀፈና አባትህ በጎኑ ወደቀ። ካራው ክሩን በልቶ ኖሮ በስፌቱ ወጥቶ ጭኑን ቀደደው። ልጅ ሳለህ ስለዚያ ጠባሳ ስትጠይቀው አጥር ወጋኝ ብሎሃል። ያኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ ዝም አልኩ። የአጥር አይደለም፤ የእኔ ስፌት ነው።

ስለ ቆዳው ልንገርህ። አሁን ከፋብሪካ የሚወጣው ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። ጫፉን ቆርጠህ መሀሉን ብታይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለጃኬትና ለጫማ ፊት መልካም ነው። ለአፎት ግን አርጥበህ ቅርጽ ላስይዝህ ብትለው አይታዘዝም፣ ተመልሶ ይለጠጣል። በእንጨት ቅርፊት የለፋው ሲቆረጥ መሀሉ ድረስ ቡናማ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። የበሬውን ጀርባ ምረጥ፤ የሆዱ ቆዳ ይላላል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ይበቃል። ከላይ ማልበስ ከፈለግህ የፍየል ቆዳ አለልህ። የባቲ ፍየል ቆዳ በውጭ አገር ገበያ ሳይቀር ስም ያወጣው በከንቱ አይደለም፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው።

ዛሬ ከበዓል ማግስት የበጉ ሌጦ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ተጥሎ ሳይ ልቤ ይደማል። በእኛ ጊዜ ከአንድ ሌጦ ስልቻው፣ መቀመጫው፣ ጠፍሩ ሁሉ ይወጣ ነበር። ጎረቤትህ ሌጦ ሲጥል ካየህ ለምነህ ውሰድ፣ ሳይውል ሳያድር በጨው እሸው። ለመልመጃ ከእሱ የተሻለ አታገኝም።

ስፌቱን በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ስፋ። ቀዳዳውን አስቀድመህ በወስፌ ብሳው፤ ከጠርዙ 4 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብለህ፣ በየ5 ሚሊሜትሩ። አንዱ መርፌ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ በአንዱ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። እንዲህ የተሰፋ፣ አንዱ ዙር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት ግን አንዴ ከተበጠሰ ይተረተራል። ክሩን በንብ ሰም እሸው፣ እስኪያጣብቅህ ድረስ። ጫፉ ላይ አንድ የስንዴ ፍሬ የምታሳልፍ ክፍተት ተው፤ ውሃ ቢገባ የሚወጣበት ይኑረው።

ተሰፍቶ ሲያልቅ አፎቱን ለብ ባለ ውሃ ንከረው፤ የአየር አረፋው መውጣቱን ሲያቆም አውጣው። ካራውን ዘይት ቀብተህ በፌስታል ጠቅልለህ ክተተውና በሁለት አውራ ጣትህ ዙሪያውን ተጫነው። ቆዳው እጀታው ሥር ጠበብ ብሎ ሲይዝ፣ ካራው ሲገባ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰጥሃል። ያ ድምፅ ካልመጣ ሥራው አልተጠናቀቀም። ከዚያ በጥላ ይድረቅ። ባሌ በልጉም መኸሩም ዝናብ ነውና ሦስት አራት ቀን ቢወስድብህ አትቸኩል። እሳት ዳር ያስቀመጥከው እንደሆነ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ቅቤም አትቀባው። አባቶቻችን ቅቤ የሚቀቡት እንዲለሰልስ ለሚፈልጉት ነበር፤ አፎት ሲለሰልስ ቅርጹን ያጣል፣ አይጥም ይጠራል። ሰም ቀልጦ በስሱ ቢቀባ ይበቃዋል።

ወደ ጌጡ ልመለስ፣ አንተ የምትወደው እሱን ነውና። ዛጎሉን እጀታው አጠገብ ደርድረኸዋል። ሰው ካራ ሲመዝ አውራ ጣቱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። በእርጥብ እጅ፣ በጨለማ፣ ከብት ታርዶ ሰው ሲጣደፍ አስበው። ዛጎሉን ወደ ታች አውርደው፤ ላይኛው ልሙጥ ይሁን። ጥላሸት አሽተህ ያጠቆርከው ጠርዝም ነጭ ነጠላ ያበላሻል። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ነክረህ ጥቂት ቀን አቆየው፤ ኮምጣጤውን በቅርፊት የለፋ ቆዳ ላይ ስትቀባው ቆዳው ዓይንህ እያየ ይጠቁራል፣ ልብስም አይነካም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ድጉሱን ነው። የብራና መጽሐፍ ደጓሾች በቀዩ ቆዳ ላይ መስቀሉንና ሐረጉን በጋለ ብረት ሲያትሙ የተመለከትክ እንደሆነ ይገባሃል። ቀለም የለበትም፣ የተለጠፈ የለበትም፣ ቆዳው ራሱ ነው የሚያጌጠው። የአሮጌ ማንኪያ እጀታ ሞርደህ ትንሽ ክብ ወይም መስመር አውጣበት። ቆዳውን ከመስፋትህ በፊት እርጥብ አድርገው፣ ብረቱን አግለህ መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክረው። ከጨሰ ግሏል፣ ይብረድ። አንዴ ካተምክ መመለስ የለም፤ መስመሩን አስቀድመህ በወስፌ ጫፍ ጫር ጫር አድርግ። ሦስት መስመር፣ በመሀሉ አንድ ረድፍ ክብ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ብዙም አላለፍኩም።

አንድ ነገር ደግሞ። በደብዳቤህ፣ ሰው የሥራዬን ስም ሲጠራ አንገቴን ደፋሁ ብለሃል። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፣ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ አልወጣም። እኔንም ፋቂ ብለውኛል፤ አምሞኛል፣ ልዋሽህ አልችልም። ግን የሰደበኝ ሰው ኮርቻው ሲበጠስ ወዴት እንደመጣ አውቃለሁ። ሠርቼለታለሁ፣ ዋጋዬንም ሙሉውን ተቀብያለሁ። አንገትህን አትድፋ፣ ዋጋህንም አትቀንስ።

አፎትህን ፈትቼ ዛጎሉን በሙዳይ አስቀምጬልሃለሁ። ጠፍሩ ከእኔ ዘንድ አለ፣ ወፍራም የወይፈን ጀርባ ነው። አንተ ሁለት መርፌና ወስፌህን ይዘህ ና። አባትህም አብሮህ ይምጣ፤ ጠፍሩን እሱ ፊት እንድታስገባው እፈልጋለሁ።