ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም

ልጄ፣ ሆላንድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛኸውን ክሪስ የሚባል የጃቫ ጩቤ ፎቶ አየሁት። መልካም ዕቃ ነው። «እንደ መስታወት አበራዋለሁ» ያልከው ግን አስደነገጠኝ። እባክህ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው።

በወጣትነቴ አንድ ሰው ያምነኝና ጥቁር ክሪስ ይሰጠኛል። ቆሻሻ መሰለኝ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈገፈግሁት። ሲመሽ እንደ ወጥ ቤት ቢላዋ ያብለጨልጭ ጀመር። በብረቱ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ይታይ የነበረው ሥዕል ግን ጠፍቶ ነበር። ባለቤቱ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ በጨርቁ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሥዕሉ ፓሞር ይባላል። እምፑ የሚሉት አንጥረኛ ተራውን ብረትና ኒኬል ያለበትን ብረት እያጋለና እያጠፈ ደጋግሞ ይቀጠቅጣቸዋል። ጃቫ ውስጥ ፕራምባናን አጠገብ የተገኘ የሰማይ ድንጋይ እንኳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ከዚያ ስለቱ በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ይታሻል፤ ብረቱ ይጠቁራል፣ ኒኬሉ እንደ ብር ነጥቶ ይቀራል። የሚያውቅ እጅ ብረቱን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል፤ ተፍቆ ያለቀ ፓሞር ግን አይመለስም። አርሴኒክ መርዝ ነውና አንተ ቤት ውስጥ አትሞክረው። አሮጌውን ስለት ስትነካም ጓንት አድርግ።

የሚያሰጋህ ዝገት ብርቱካናማው፣ ስትነካው እንደ ዱቄት የሚለቀው ነው። ቀጭን የማሽን ዘይት ቀባውና አሳድረው፤ በማግስቱ በቀርከሃ ስንጣሪ ቀስ እያልክ አንሳው። ካልለቀቀ ደግመህ አሳድረው። በጃቫ ቤተ መንግሥቶች እንኳ ክሪስ የሚታጠበው በዓመት አንዴ፣ ሱሮ በሚሉት ወር ነው፤ አንተ በየሳምንቱ የምታሸው ለምንድን ነው?

ሰገባውን ደግሞ ችላ ብለኸዋል፤ ከላክልኝ ስድስት ፎቶዎች በአንዱም በደንብ አይታይም። በጃቫ ሰገባ ሠሪው ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው፣ ምራንጊ ይሉታል፤ እንጨቱን የሚፈለፍለው ለዚያው ስለት ልክ ነው። ስለቱ አልገባ ቢልህ ውስጡን አትፋቅ። ምናልባት ዝገት አብጦ ይሆናል፣ ምናልባትም ነጋዴ የሌላ ክሪስ ሰገባ አጣምሮበት ይሆናል። ስትመዘው ሰገባውን በስለቱ አቅጣጫ ጨብጠህ አትያዝ፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ብረቱ ወጥቶ ጣትህን ይበላዋል። ለስንጥቁ ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን የአናጢ ሙጫ ተጠቀም፤ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ በሞቀ ውኃ ይፈታዋል። ኢፖክሲ ያደረግህበት እንደሆነ ግን ከእንጨቱ ጋር ካልሆነ አይለቅም። ፀሐይ ላይም አታስጣው። ስለቱን ዘይት ከቀባህ በኋላ በደንብ ጥረገው፣ የቀረውን እንጨቱ ይመጠዋልና። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ለሁለቱም ይስማማል።

ቅዳሜ ይዘኸው ና። እጀታውን ለማውጣት እንዳትጠመዝዘው፤ ውስጥ ያለው የብረት ጭራ ቀጭን ነው፣ ዝገት ከበላው ቀጭ ይላል። አብረን በቀስታ እናሞቀዋለን።