ስሟ ሊኔያ ቢሆንስ?

ስቶክሆልም ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊም ባልና ሚስት ሴት ልጅ ወለዱ እንበል። የአገሩ ሕግ ስሟን በ3 ወር ጊዜ ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ሱናው ደግሞ በ7ኛው ቀን ዐቂቃ አርደው ስም እንዲያወጡላት ያስተምራል። እናት «ሊኔያ ትባል» ብትልስ?

በአውሮፓ ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ጋር ስንጨዋወት ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «የካፊር ስም በሙስሊም ቤት አይጠራም!» ይላል። ሌላው «ስም ምን ያደርጋል? ዋናው ልብ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ጉዳዩን አልመረመሩትም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስምን ችላ አላሉም። ዓሲያ፣ ማለትም «አመፀኛ»፣ ትባል የነበረችን ሴት ጀሚላ፣ «ውብ»፣ ብለው እንደሰየሟት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የተለወጠው ስም ዐረብኛ ነበር። የተለወጠውም ባዕድ ስለሆነ ሳይሆን ትርጉሙ መጥፎ ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ኸዲጃና ዑመር (ረ.ዐ.) ከእስልምና በፊት በወጣላቸው ስም ኖረው በዚያው ስም አልፈዋል። ኢብራሂምና ኢስማዒል የሚሉትን የነብያት ስሞች እንኳ የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ከሌላ ቋንቋ የመጡ ይሏቸዋል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር እንይ። በወሎ ይመርና ተዋበች፣ በኦሮሞ ሙስሊሞች ዘንድ ጫልቱ የሚባሉ አሉ። በዚህ ምክንያት ዲናቸው ጎደለ የሚል ማን ነው? ለአማርኛና ለኦሮምኛ የተፈቀደው ለስዊድንኛ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲያውስ መመዘኛው ትርጉሙ ነው። ፍሬያ የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ያመልኳት የነበረች ሴት ጣዖት ስም ነው። ቶራ የተገኘው የነጎድጓድ አምላክ ይሉት ከነበረው ከቶር ነው። አስትሪድ በሚለውም ውስጥ የጣዖታቱ መጠሪያ አለበት። የላ ኢላሀ ኢለላህ ልጅ እነዚህን ብትሸከም አይገባም። ሊኔያ ግን በስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ በካርል ሊኔየስ (1707–1778) የተሰየመች ትንሽ የዱር አበባ ናት። ሊቭ «ሕይወት» ማለት ነው፤ ዓኢሻም «ሕያው» ማለት ነው። ታዲያ በየትኛው እናፍራለን?

ይሁን እንጂ ከትርጉሙ በላይ የሚያሳስበኝ ኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ተመሳሳይ የሥራ ማመልከቻዎች በሁለት ዓይነት ስም ተልከው ነበር። የስዊድን ስም የያዙት የመካከለኛው ምሥራቅ ስም ከያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ የቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኙ። ይህን የሚያውቅ አባት ልጄ በሩ ላይ እንዳትመለስብኝ ብሎ ቢሰጋ ማን ይፈርድበታል? ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ በደሉም የአሠሪው እንጂ የእሱ አይደለም።

ነገር ግን ስሙ መሸሸጊያ ሊሆናት አይችልም። ሊኔያ ብትባልም ቀጥሎ አሕመድ ወይም ሰዒድ አለ። መልኳ አለ፤ ኢንሻአላህ ሒጃቧም አለ። አድጋ «ለምን ይህን ስም አወጣችሁልኝ?» ስትል «የአያትሽ ስም ሥራ ስለሚያስከለክል ነው» የሚል መልስ ካገኘች፣ በአሠሪው ፊት ከመቆሟ በፊት ገና በቤቷ ውስጥ ማፈርን ተማረች ማለት ነው። «አላህ በፈጠራት አበባ ጠራንሽ» ብትባል ግን ቀና ብላ ትሄዳለች። ስሙ አንድ ነው፤ የሚያስተምራት ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የስሙን ትርጉም ጠይቁ፤ ቀጥሎም የራሳችሁን ልብ ጠይቁ። ስም ልጅ በወላጆቿ ላይ ያላት ሐቅ ነው። የወደዳችሁትን መልካም ስም ስጧት፤ የፈራችሁትን ግን አታሸክሟት።

ወላሁ አዕለም።