ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው

መንገደኛን ያገኘ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ «ከወዴት ወዴት?» ብሎ መጠየቁ የቆየ ልማዳችን ነው። ጥያቄው የሰው ጉዞ ሁሉ መነሻና መድረሻ፣ በመካከሉም አንድ ጉዳይ እንዳለው ያስባል፤ ገበያ፣ ልቅሶ፣ ዳኝነት ወይም ዘመድ ጥየቃ። ታዲያ ከአንድ ደጃፍ ተነሥቶ፣ ጋራውንና ወንዙን ዞሮ፣ ወደዚያው ደጃፍ የሚመለስ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከሥሩ አንድ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው የእርሱ ባልሆነ መሬት ላይ ያለ ጉዳይ የመሄድ መብት አለውን? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በአንድ አገር እስከ ፍርድ ቤትና እስከ ሕግ አውጭው ምክር ቤት ደርሶ ነበርና ታሪኩን እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሻየር፣ ከማንችስተር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ሄይፊልድ የምትባል መንደር አለች። ከዚያ ተነሥቶ የኪንደርን ወንዝ የሚከተል፣ የውኃ ግድቡን ዞሮ ዊልያም ክላፍ ከተባለው የጅረት ሸለቆ ግርጌ ደርሶ የሚመለስ የእግር መንገድ አለ፤ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ከበላዩ 636 ሜትር ከፍታ ያለው የኪንደር ስካውት አምባ ተንጣሏል። በአምባው ላይ የአገራችን አስታ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ፣ ሻካራ ሣርና ረግረግ እንጂ ዛፍ ብዙ አይታይም። ጅረቶቹ ከጥቁሩ አፈር ስለሚመነጩ ውኃቸው የሻይ ቀለም አለው።

በዚያ አገር ሕግ፣ ሕዝብ ለ20 ዓመታት በግልጽና ያለ ከልካይ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ እንደሆነ ይገመታል። በዊልያም ክላፍ በኩል ወደ ማዶው ሸለቆ የሚያሻግረውንም መንገድ፣ በ1894 የተመሠረተ የእግር መንገድ ጠባቂ ማኅበር በ1897 ለሕዝብ አስከፍቶታል። ስለዚህ «ከወዴት ወዴት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው መንገደኛ የሚያልፍበት አላጣም። ከመንገዱ ወጥቶ አምባው ላይ መዘዋወር ግን የተከለከለ ነበር፤ አምባው የዴቮንሻየር መስፍን ርስት፣ ቆቅ የሚመስሉ ወፎች የሚታደኑበት ስፍራ ነበርና።

ኤፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የማንችስተርና የአካባቢው ሠራተኞች፣ ከሄይፊልድ ተነሥተው ከተፈቀደው መንገድ ወጡና ዳገቱን ያዙ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ከአደኑ ስፍራ ጠባቂዎች ጋር ግጭት ተነሣ፤ በኋላም አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

የባለርስቱን ወገን ክርክር ማቃለል ፍትሕ አይደለም። ወፎቹ በጸደይ በምድር ላይ ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ፤ የሰው እግርና የውሻ ሩጫ ይበትናቸዋል። ደግሞም ማንም ቢሆን የራሱን ይዞታ መጠበቁ አይነቀፍም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ ውኃ የጠማው ሰው ወደ ምንጩ ይለፍ ዘንድ ይገባዋል፤ ሽርሽር በማጣቱ የሞተ ሰው ግን ማን ነው?

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሰውን በምንመለከትበት ዓይን ላይ ይመሠረታል። እነዚያ ወጣቶች ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የሚያሳልፉ፣ የፋብሪካ ጢስ በሸፈነው ከተማ የሚኖሩ ነበሩ። ሰው የሚያልፍበት መሬት የሚገባው ለጉዳይ ሲላክ ብቻ ነው ካልን፣ የሰውን ልክ በሚሰጠው አገልግሎት ወሰንነው ማለት ነው። ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ሰፊ ሰማይ ማየት ግን ለባለጠጋ ጌጥ፣ ለድኻ ቅንጦት ሊባሉ አይገባም፤ መስፍኑም ወደ አምባው የሚወጣው ለእንጀራ ጉዳይ አልነበረምና።

ሕጉ ወደዚህ አሳብ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951 ኪንደርን የሚያቅፈው ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 የወጣው ሕግም እንዲህ ባለው ገላጣ ደጋ ላይ ከመንገድ ወጥቶ በእግር የመሄድን መብት ሰጠ። በ2002፣ በ70ኛው ዓመት መታሰቢያ፣ የዚያን ጊዜው መስፍን አያታቸው ስላደረጉት ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባብያን፣ ይህ መብት የባለቤቱን ባለቤትነት አልሻረም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እሳት ማንደድና መስፈር በመብቱ ውስጥ አይገባም፤ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ በአጭር ማሰሪያ መያዝ አለበት። የተፈቀደው አልፎ መመለስ ነው። ዞሮ የሚመለስ ሰው ከሰው መሬት ላይ የሚወስደው ስለሌለ ባለርስቱን አያደኸይም።

አይጎዳም ማለት ግን አይደለም። የብዙ ሺህ ሰው ኮቴ ረግረጉን ወደ ጭቃ፣ ጭቃውንም ወደ ቦይ ይለውጠዋል። በዊልያም ክላፍ ራስ አጠገብ የሚያልፈው ፔናይን ዌይ የተባለው ረጅም መንገድ እንዲህ ስለተጎዳ፣ ከተዘጉ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነሡ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እየተነጠፉበት ተጠግኗል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ሳምንቱን ሙሉ ቆመውበት የነበረው ዓይነት ድንጋይ ዛሬ ለዕረፍት የሚወጣውን ሰው ይሸከማል። በድንጋዩ ላይ መሄድና ከእርሱ አለመውጣት፣ በዚያ ስፍራ መብቱን ያገኘ ሰው ለመሬቱ የሚከፍለው ትንሽ ዋጋ ነው።

እንግዲህ «ከወዴት ወዴት?» የሚለው ሰላምታችን መልካም ነው፤ መንገደኛውን ለመርዳት ይጠቅማልና። ወደ ምርመራ ሲለወጥ ግን እንጠንቀቅ። በጥላ ሥር የሚቀመጠውን ሽማግሌ፣ ሥራ ያጣውን ወጣት፣ ከሕመሙ አገግሞ በአጥራችን ሥር ቀስ እያለ የሚመላለሰውን ሰው «እዚህ ምን ጉዳይ አለህ?» ከማለታችን በፊት፣ መገኘቱ በእውነት ምን እንደሚያጎድልብን ራሳችንን እንጠይቅ። የሚያጎድልብን ከሌለ ያልፍ ዘንድ እንተወው፤ ሲመለስም ሰላምታችንን አንንፈገው።