ለፈቃድ የተተወ ዕዳ

ሠራተኛን በጡረታ ማቀፍ ሕግ ሲያስገድድ ብቻ የሚፈጸም ግዴታ ነውን? ውድ ምእመናን፣ ጥያቄው ከእኛው ደጅ ስለሚጀምር ልናልፈው አልወደድንም።

እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የጡረታ ሕጋችን በዋናነት የመንግሥትን ሠራተኛና ወታደሩን ይመለከት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችንም አስገባ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ተተካበት። አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ዕድሜው 60 ሲሞላ ወርኃዊ አበል የሚያገኘው ግን ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ነው።

የ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ተቋማትን ሠራተኞች ጉዳይ ለፈቃደኝነት ተወው። ፈቃዱ የማን ነው? የቁምስናው ዘበኛ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ከመንደር መንደር በእግሩ እየሄደ የሚያስተምረው ካቴኪስት ቆሞሱ ፊት ቀርበው «ጡረታ ይከፈልልን» ለማለት ይደፍራሉን? ዝምታቸውን እንደ ስምምነት መቍጠር ይቀናናል። በጀት የለንም እንላለን፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ለጣሪያው ቆርቆሮ ስናዋጣ ግን እንዲህ አላልንም።

«እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ስለ ራስ እርጅና ሲነገር እምነት ነው፤ ላቡን ላፈሰሰልን ሰው እርጅና ሲነገር ከሒሳብ ማምለጫ ይሆናል።

50 ዓመት የሞላው ዘበኛ ዛሬ ቢመዘገብ 10 ዓመቱ በ60 ይሞላለታል። 53 እስኪሞላው ብንጠብቅ አይሞላለትም።